አንድ ጊዜ ብቻ የሚቆረጥ ወንበር

ቆሰበር፣ ነሐሴ

ውድ አባባ፣

እንዴት አደሩ የሚለውን በየማለዳው በስልክ ስለምጠይቅዎት እዚህ አልደግመውም። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ ግን አውቃለሁ። ወንድሜ ጢሞቲዎስ ስልክዎን ድምፁን ከፍቶ ጠረጴዛው መሀል ያስቀምጠዋል። እርስዎ፣ እሱ፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ቤቱ በሙሉ ይሰማኛል። እኔም «ደህና ነኝ፣ መኪናዋም ደህና ናት፣ ድንቹም ደህና ነው» እልና እዘጋለሁ። የቀረው ነገር ሰው በተሰበሰበበት የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ልጃቸውን ሊጠይቁ ባሕር ዳር ለሚወርዱት ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘውድነሽ ይህን ደብዳቤ ሰጥቻቸዋለሁ። «በራሳቸው እጅ ይስጡልኝ፣ ለወንድሜ እንዳይሰጡት» ብዬ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። መነጽርዎን አድርገው፣ ብቻዎን ሆነው ያንብቡልኝ።

ነገሩ ስለ ወገቤ ነው። ከወገቤም ይልቅ ስለ ወንበርዎ ነው።

እማዬ «ትንሽ ወገቧን ያማታል» ብላ እንደነገረችዎት ሰምቻለሁ። እማዬ ትንሽ ስትል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፤ የኩሽናውን ጣሪያ ነፋስ ገንጥሎ የወሰደው ጊዜም «ትንሽ ከፈት ብሏል» ነው ያለችው። እኔ እውነቱን ልንገርዎት። እርስዎ ከታመሙ በኋላ የቀጠርነው ሹፌር ሳይከርም ጥሎን ሲሄድ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከአዲስ ቅዳም ድንችና ከሰል እጭናለሁ፤ አንዳንዴ እዚህ ቆሰበር፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዳንግላ አራግፋለሁ። አስፋልቱ ላይ ብዙ አልቸገርም። ከአዲስ ቅዳም ወደ ገበሬዎቹ ማሳ የሚያስገባው ኮረኮንች ነው የሚገለኝ፤ በተለይ ባዶ ስሄድ። ፒክአፗ ጭነት ስትይዝ አደብ ትገዛለች። ባዶዋን ከሆነች ከሥሯ ያለው ብረት፣ ባሌስትራው፣ ይደርቅና እያንዳንዷን ድንጋይ ሳትቀንስ ለወገቤ ታደርሰዋለች። ይህንን ለእርስዎ ማስረዳቴ ራሱ ያስቃል፤ ዕድሜዎን ሙሉ የቀመሱት ነው።

ልዩነታችን ቁመት ነው። እርስዎ በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ሰው ነዎት፤ እኔ የወጣሁት በእማዬ ነው። የወንበሩ ሐዲድ አልቆ፣ ፍሬን በያዙ ቁጥር ወደ መሪው እየተንሸራተተ አላስነዳ ያለዎት ጊዜ፣ መኪናዋን ጋሽ ጠሃ ጋራዥ ወሰዷት። ወንበሩን በእግርዎ ልክ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ አስገፍተው ከወለሉ ጋር አስበየዱት። «አሁን ገና ወንበር ሆነ» እያሉ ስንት ጊዜ እንዳወሩልን ትዝ ይለኛል። ለእርስዎ እውነትም ወንበር ነበር። እኔ ግን እሱ ላይ ተደግፌ ከተቀመጥኩ ግራ እግሬ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ጋ አይደርስም። ፍሪሲዮኑ ጋ ከደረስኩ ደግሞ ጀርባዬ የሚደገፈው አየር ነው።

መፍትሔው ትራስ ነው ተባለ። መጀመሪያ እማዬ የሳሎኑን ትራስ ሰጠችኝ። እሱ ሲሳሳብኝ እትዬ ዘውድነሽ ምን እንደተጠቀጠቀበት እግዜር የሚያውቀው መከዳ አመጡልኝ። ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ዳር ዳሩን አበባ የጠለፉበት ስፖንጅ ሰፍተው አበረከቱልኝ፤ መሀሉ ላይ «ጌታ መልካም ነው» ይላል። ሁሉንም ደርድሬ ስቀመጥ ጋቢናው የሙሽራ ቤት ይመስላል። ትራስ ግን ቦታው ላይ አይጸናም። ጉድጓድ ባለፍኩ ቁጥር አንዱ ወደ ጎን ይሾልካል፤ እኔም በአንድ እጄ መሪ፣ በሌላው ትራስ ይዤ እነዳለሁ። አንድ ቀን ትራፊክ ፖሊሱ አስቆመኝና ወደ ውስጥ አጮልቆ አይቶ «እህቴ፣ የምትነጂው መኪና ነው አልጋ?» አለኝ። አብሬው ሳቅሁ። ወረቀት ላሳየው ስወርድ ግን ወገቤ አልቀና ብሎኝ በሩን ይዤ ቆየሁ። እሱም መሳቁን ትቶ «አይዞሽ፣ ቀስ በይ» አለኝ።

ከዚያ ግራ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። ከታፋዬ ይነሳና እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይወርዳል። ይህን ሲያነቡ ፊትዎ ምን እንደሚሆን ይታየኛል፤ የእርስዎም የጀመረው እንዲሁ ነበር። ዳንግላ ጭነት እስኪራገፍ ድረስ ካርቶን አንጥፈው መሬት ላይ በጀርባዎ ሲተኙ፣ እግርዎን ጎማው ላይ ሰቅለው «የሹፌር ደመወዝ ይኼ ነው» እያሉ ሲቀልዱ፣ እኔም ቀልድ መስሎኝ ስስቅ ነበር። በመጨረሻ አዲስ ቅዳም ላይ ከጋቢናው መውረድ አቅቶዎት ሰዎች ተሸክመው አወረዱዎት። ያን ቀን እኔ አልነበርኩም። ይኸነው ነው የነገረኝ፤ ያ ድንች የሚያስጭነን ገበሬ። አሁንም ስደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ በአገውኛ «አባትሽ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ነው፤ ስለ ድንቹ የሚያወራኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ፈራሁ። ለማንም ሳልናገር እዚሁ ከተማ ውስጥ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕክምና የምትሰጥ ልጅ ጋ ሄድኩ። አስተኝታ እግሬን ወደ ላይ እያነሳች መረመረችኝ፤ ከዚያ ውጪ ወጥታ መኪናዋን አየች። ጋቢናው ውስጥ እንድገባ ነገረችኝና ከበሩ ቆማ አቀማመጤን ተመለከተች።

«በይ ወንበሩን ወደ ፊት አምጪዋ» አለችኝ።

«አይመጣም።»

«ለምን?»

«የአባቴ ነው።»

ይህን ስል በቂ መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አልገባትም። «አባትሽ አብረውሽ ይነዳሉ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀልድ አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ።

ብዙ ነገር አስተማረችኝ፤ ለእርስዎም ሊጠቅምዎት ይችላልና ልንገርዎት። ስልኬን ከኋላ ኪሴ አስወጣችኝ፤ በአንድ ጎን ከፍ ብሎ መቀመጥ ዳሌን ያጣምማል አለች። ከቀበቶዬ ከፍ ብሎ ባለው ጎድጓዳ ቦታ የተጠቀለለ ፎጣ እንዳደርግ አሳየችኝ። ስወርድ አንድ እግሬን አስቀድሜ እንዳልዘል፣ ሁለቱንም እግሬን አንድ ላይ አዙሬ እንድወርድ፤ ወርጄም ወዲያው ጆንያ እንዳላነሳ፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ብዬ እንድራመድ መከረችኝ። ሁሉንም አደርጋለሁ፣ ያግዛሉም። ስትሸኘኝ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ወንበሩ ካልመጣ ይኼ ሁሉ ማስታገሻ ነው። ጉልበትሽ እጥፍ ብሎ፣ ጀርባሽ ተደግፎ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች መርገጥ አለብሽ። እንደዚህ እየተንጠለጠልሽ ከቀጠልሽ እግርሽ ሥራ ያቆማል።»

ወንበሩ ለምን እንደማይነካ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እርስዎ ያላዩት አንድ ነገር ግን አለ። ለቀዶ ሕክምናው ባሕር ዳር ከሄዱ ጀምሮ በየእሁዱ የጸሎት ርዕስ ሲነበብ ስምዎ ቀርቶ አያውቅም። መጋቢ ሲሞን እጃቸውን አንስተው «ጌታ ሆይ፣ ወንድማችንን አንዳርጋቸውን ወደ መኪናው ወንበር መልስልን» ብለው ነው የሚጸልዩት። ጉባኤው በአንድ ድምፅ አሜን ይላል። አዳራሹ ሲሠራ ሲሚንቶውን ሁሉ ያለ ክፍያ ስላመላለሱላቸው፣ እርስዎን ከመሪው ጀርባ እንጂ ሌላ ቦታ ማሰብ አይሆንላቸውም። እማዬማ የጸሎቱን ቃል አጥብቃ ይዛዋለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቀሚሷን ሳትቀይር ጋቢናውን ትከፍትና ወንበሩን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለዋለች። ትራሶቼን አንድ በአንድ አውርዳ ደጃፉ ላይ ትደረድርና፣ ስትጨርስ ወንበሩን ባዶውን ትተወዋለች።

እንደዚያ ስትወለውል ነው የነገርኳት።

«እማዬ፣ ወንበሩን አስቆርጬ ወደ ፊት ላስመጣው ነው።»

ጨርቁን እንደያዘች ቀና አለች። «ሰው ሁሉ አሜን ያለበትን ነገር አንቺ በማሽን ልትቆርጪው?»

«ወገቤን እኮ ነው...»

«ወገብሽን እናሻዋለን፣ እንጸልይበታለን። እሱ ሲመጣ የት ሊቀመጥ ነው? ቆርጠሽ ከጣልሽው አይመለስም ማለትሽ ነው። ይኸ አለማመን ነው፣ ኑኃሚን።»

አልተቆጣኋትም። በዚያው ቀን ወገቤን በቅባት እያሸች አንዴ የእኔን ስም፣ አንዴ የእርስዎን ስም እየጠራች ጸለየች። ለእኔም ለእርስዎም እኩል ነው የፈራችው፤ የትኛችንን ብታስቀድም እንደሚሻል ጠፍቶባታል።

ከእማዬ ተደብቄ ጋሽ ጠሃ ጋ ሄድኩ። ጋራዡ ደጃፍ ስደርስ የመኪናዋን ድምፅ ሰምተው ሮጠው ወጡ። እርስዎ መስለዋቸው ነው፤ እኔን ሲያዩ ደስታቸውን ለማስተካከል ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው። የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ከዚያ ተንበርክከው ከወንበሩ ሥር አዩ፣ በመዶሻም ወለሉን መታ መታ አደረጉት።

«ይኼንን የበየድኩት እሱ ብሎኝ ነው» አሉኝ። «የምቆርጠውም እሱ ሲለኝ ነው።»

«ጋሽ ጠሃ፣ እግሬ እየደነዘዘ ነው።»

«ገብቶኛል ልጄ። ግን ነይ፣ ጎንበስ ብለሽ እይው።» የድንቹ ጭቃና የቆሰበር ዝናብ ወለሉን እንዴት እንደበሉት በጣታቸው አሳዩኝ፤ ዝገቱ እንደ ቆሎ ይረግፋል። «ሐዲድ ልግጠምበት ብል አይዝልኝም። አንድ ጊዜ ቆርጬ አንድ ጊዜ እበይደዋለሁ፣ እሱን ይችላል። ሁለተኛ ከተቆረጠ ግን ወለሉ አብሮ ይወርዳል። በአንቺ እግር ልክ ከሆነ በኋላ ለእሱ አይመለስም። ይኼን ሳልነግረው ባደርገው፣ ወላሂ፣ ሁለተኛ ዓይኑን ማየት አልችልም። ደውዪና አናግሪው።»

ደወልኩ። ስልክዎን ያነሳው ጢሞቲዎስ ነው፤ እርስዎ ግቢ ውስጥ እየተራመዱ ነበር። ለምን እንደደወልኩ ስነግረው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንዳትነግሪያቸው» አለኝ። «አሁን ከበረንዳው እስከ ማንጎው ዛፍ ደርሰው ይመለሳሉ። ለምን እንደሚራመዱ ታውቂያለሽ? ጥቅምት ላይ እነዳለሁ ብለው ነው። ጠዋት ጠዋት ግራ እግራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይጫኑታል። ምን እያደረጉ ነው ብዬ ሳይ፣ ፍሪሲዮን እየረገጡ ነው። ይኼን ከነጠቅሽብኝ ነገ ከአልጋ አይወርዱም።»

«ታዲያ እኔስ?»

«ዳንግላ አስቆርጪው» አለኝ። «እዚያ የሚያውቀን የለም። ሲመጡ ደግሞ የሆነ ነገር እንላቸዋለን።»

ጢሞቲዎስን እንዳይቆጡት። እርስዎን ተሸክሞ ሽንት ቤት ያደረሰ እሱ ነው፤ መራመድዎን እንደ ዓይኑ ብሌን ቢጠብቀው አይፈረድበትም። እኔም እኮ ሰማሁት። በሚቀጥለው ጉዞዬ ድንቹን ዳንግላ አራግፌ አንድ በያጅ ፈልጌ አገኘሁ። ወጣት ነው፣ ሥራው ፈጣን ነው፣ ማን እንደሆንኩም አልጠየቀኝም። ከመቁረጡ በፊት ልክ ሊይዝ ከጀርባዬ ሳንቃ አቆመና ከኋላ በጣውላ አጣብቆ ያዘው። «ወንበሩ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚሆንልሽ፤ በይ ርገጪው» አለኝ።

ፍሪሲዮኑን ረገጥኩት። ጉልበቴ እንደታጠፈ፣ ጀርባዬ እንደተደገፈ እስከ ታች ወረደ። ደግሜ ረገጥኩት። አባባ፣ አለቀስኩ። ወገቤ ዝም ማለት እንደሚችል ረስቼው ነበር። ልጁ ደንግጦ «አመመሽ እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም ነበርና ነው ያለቀስኩት። ሳንቃው እንዲሁ ይቆይልኝ ብዬ ብለምነው ደግሞ ሳቀብኝ፤ «ፍሬን ስትይዢ ከነሳንቃሽ መስታወቱ ላይ ነሽ» አለኝ።

ሳንቃውን አነሳና ማሽኑን አስነሳ። ዲስኩ እየዞረ፣ ጮክ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ረጅም ሰው የሚነዳት ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ! ወለሉ አልቋል፣ ከዚህ በኋላ አይመለስም!»

«ይነዳታል» ልለው አፌን ከፈትኩ። ለሰው ሁሉ የምለው እሱን ነዋ። ይኸነው በጠየቀኝ ቁጥር «ጥቅምት ላይ» እለዋለሁ፤ እሁድ እሁድም አሜን እላለሁ። ያን ቀን ግን ቃሉ አልወጣ አለኝ። «አይነዳትም» ማለትም አቃተኝ። እርስዎን ለማያውቅ ሰው፣ እርስዎ ሳይሰሙት፣ በዚያ የብረት ጩኸት ውስጥ እንዴት ልበለው? ማሽኑን እንዲያጠፋው በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ይቅርታ ጠይቄው ትራሶቼን መልሼ ደረደርኩና ወደ ቤት ነዳሁ።

መንገዱን ሁሉ እርስዎ ከባሕር ዳር መጥተው ከመኪና ሲወርዱ ነው የታየኝ። ሲመጡ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ፒክአፗ ነው፤ እማዬን እንኳን ከዚያ በኋላ ነው የሚስሙት። በሩን ከፍተው እግርዎን ሊያስገቡ ሲሉ ጉልበትዎ ከመሪው ጋር ይጋጫል። ያኔ ማንም ምንም ሳይልዎት ሁሉንም ይረዱታል። እኛ ሁላችን ከኋላዎ ቆመን መሬት መሬት እናያለን። ይህ እንዲደርስብዎት አልፈልግም። ከወንበር ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል።

ስለዚህ ልንገርዎት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ ለእኔና ለጢሞቲዎስ ኮሪደር ላይ የነገረን ይህን ነው። ሕመሙ ይቀንስልዎታል፤ ይኸው ቀንሶልዎታል። ግራ እግርዎ ግን ነርቩ ለረጅም ጊዜ ተጨምቆ ስለቆየ ለመራመድ እንጂ ፍሪሲዮን ለመርገጥ አይበቃም። ከእንግዲህ መኪና መንዳት የለብዎትም። «ቀስ ብላችሁ ንገሯቸው» ነበር ያለን። እኛም ቀስ አልን፤ እስከ ዛሬ ቀስ እንዳልን ነው።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ግቢውን ዞር ዞር ብዬ መጣሁ። እርስዎም ወረቀቱን አስቀምጠው ትንሽ ቢቆዩ ደስ ይለኛል። እጠብቅዎታለሁ።

ምናልባት ቀድሞም ያውቁት ይሆናል። ሰው የገዛ እግሩን እንዴት አያውቅም? ግድግዳውን ሲጫኑ ምን ያህል እንደሚገፋልዎት ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሆነ ደግሞ እኛ እርስዎን ላለማሳዘን፣ እርስዎ እኛን ላለማሳዘን፣ ሁላችን አንድ ባዶ ወንበር ስንጠብቅ ከርመናል። እኔ ደክሞኛል፣ አባባ። ወገቤ ብቻ አይደለም የደከመው።

እማዬ አለማመን ነው ያለችው ሳያሳስበኝ ቀርቶ አይደለም። ብዙ አሰብኩበት። እኔ ጸሎቱ አልተሰማም አልልም። አዲስ ቅዳም ላይ ከጋቢናው በሰው እጅ የወረዱት ሰው ዛሬ ማንም ሳይዝዎት እስከ ማንጎው ዛፍ ይሄዳሉ። ተሰምቶልናል። የትኛው ወንበር ላይ እንደሚያስቀምጥዎት ግን ለእግዚአብሔር እኛ ልንመርጥለት አይገባም። ይህን ለመጋቢ ሲሞን ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ለእማዬ ግን እርስዎ ቢነግሯት ይሻላል። ከእኔ አፍ ድፍረት ይመስላታል፣ ከእርስዎ ግን ትሰማለች።

አሁን የምለምንዎት ይህንን ነው። ለጋሽ ጠሃ ይደውሉላቸው። ያለ እርስዎ ቃል ማሽን አያነሱም፤ እኔም ከእንግዲህ ሌላ ጋራዥ አልሄድም። ደብዳቤው በደረሰዎት ማግስት መኪናዋን ደጃፋቸው አቁሜ እጠብቃለሁ። አይሆንም ካሉኝ አልቀየምዎትም፤ መኪናዋን ግቢ አስገብቼ ቁልፉን ለእማዬ እሰጣታለሁ። ነገር ግን በዚህ አቀማመጥ ሁለተኛ አልነዳም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ወንበር እግሩን ማጣት የለበትም። ይህን ወስኛለሁ።

ሲደውሉላቸው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግዎትም። «ለልጄ ልክ አድርግላት» ቢሏቸው ይገባቸዋል።

መራመዱን ግን እንዳይተዉብኝ። ጢሞቲዎስ ይህን ከሰሙ ከአልጋ አይወርዱም ብሎ ፈርቷል፤ ያፍር ዘንድ ነገ ከማንጎው ዛፍ አልፈው እስከ ውጪው በር ይሂዱ። ለመንዳት ሳይሆን ለመምጣት ይራመዱ። ጥቅምት ላይ ባሕር ዳር ድረስ ነድቼ እመጣለሁ። ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር ሰፊ ነው፣ እግርዎን እንደልብ ያስዘረጋዎታል፤ ለወገብዎ ፎጣ ጠቅልዬ እጠብቅዎታለሁ። ገበያ ሲሄዱ ሁልጊዜ ከጎኔ የሚቀመጡት እትዬ ዘውድነሽም የጋቢና ቦታቸውን ለእርስዎ ለመልቀቅ ከወዲሁ ተስማምተዋል፤ ለማን እንደሚለቁ ስነግራቸው አቀፉኝ። ስንደክም መንገድ ዳር አቁመን አብረን እንራመዳለን። ማርሽ ሳስጮህ ይቆጡኝ። ጉድጓድ ውስጥ ስገባ «አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ የት ነው?» ይበሉኝ።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ጊዜ ለሰፈሩ ሁሉ ይዘው ዞረው አሳይተዋል። መኪናዋን ግን «ለአንቺ ትከብድሻለች» ብለው አንድም ቀን አላስነዱኝም። መሪ የያዝኩት እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ስነዳ አይተውኝ አያውቁም፣ አባባ። ስነዳ ሊያዩኝ የሚችሉት ደግሞ ከጎኔ ሲቀመጡ ነው።

ልጅዎ ሹፌሯ፣
ኑኃሚን አንዳርጋቸው